ፕሮጀክተሩ ከጥገና ሲመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወሎ ውስጥ የፊልም ፕሮጀክተር አሁንም አለ። ብዙው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ከትምህርት ቤት መጋዘን ይወጣል፤ ሌላው ከአባት ቤት ቆጥ ላይ ይወርዳል። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ያሉ ሰዎች ያስጠግኑታል። ሞተሩ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ደስታ ነው። ከዚያ ያለቻቸውን አንዲት ፊልም ወዲያው ይጭኑበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው።

ማሽን ተጠገነ የሚባለው ፊልሙን ሳይጎዳ ማሳለፍ ሲችል ነው። ጥርስ ቢሰበር ይተካል፣ አምፖል ቢቃጠል ይገዛል። የተቧጨረ ፊልም ግን እንደተቧጨረ ይቀራል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በብዛት የሚመጡልኝ ናቸው። መልሶቹ በዋናነት ለባለ 16 ማሽን ናቸው፤ ባለ 35 የሚለይበት ቦታ ላይ ለይቼ እናገራለሁ።

ማሽኑ ተጠግኖ ዛሬ መጣ። ማታውን ፊልም ማሳየት እችላለሁ?

አይሆንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ከሰዓት ስጡት።

መጀመሪያ ሶኬቱን ሳትሰኩ በእጅ አዙሩት። አብዛኛው ማሽን ጎኑ ላይ በጣት የሚዞር እንቡጥ አለው። ቀስ ብላችሁ ደጋግማችሁ አዙሩ። አዟዟሩ እኩል መሆን አለበት። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ከሆነ የተጎዳ ጥርስ ወይም የጠመመ ዘንግ አለ። ይኼ ሳይፈታ ሞተሩን አታስነሱ። ብዙ ባለ 16 ማሽኖች ውስጥ ዋናው ጥርስ የናይለን ነው፤ ከዕድሜ ብዛት ደግሞ ይሰነጠቃል። ሞተሩ ጉልበቱን ካሳረፈበት አዲሱም ጥርስ አይበረክትም።

ቀጥሎ ያለ ፊልምና ያለ መብራት 15 ደቂቃ ያህል ይሥራ። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት። ጤነኛ ማሽን ድምፁ ወጥ ነው። የሚያፏጭ ከሆነ አንድ ቦታ ዘይት አልደረሰም። የሚንኳኳ ከሆነ የላላ ብሎን ወይም ያለቀ ኩሽኔታ ፈልጉ። አጥፍታችሁ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ኩሽኔታ ያለባቸውን ቦታዎች በጣት ንኩ። እጅ የሚያቃጥል ካለ ማሽኑ ወደ ጥገናው ይመለስ።

ከዚያ መብራቱን አብሩና ንፋስ መውጫው ላይ እጃችሁን አስጠጉ። ሞቅ ያለ አየር በኃይል መውጣት አለበት። ደሴ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ደግሞ ንፋሱ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ የማቀዝቀዣውን ክንፍ ያለበሰውን አቧራ በብሩሽ አራግፉ። ቆላ ቦታ «ትንሽ አቧራ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ደሴ ላይ አይታለፍም።

የፊልም ተራ የሚደርሰው አሁን ነው። የሚጫነው ግን የማትሳሱለት ፊልም ነው። ከአሮጌ ፊልም 2 ሜትር ያህል ቁረጡና ጫፍና ጫፉን አገናኝታችሁ ቀለበት አድርጉት። ምስል የሌለበት ጥቁር ፊልም ቢሆን ይመረጣል። ቀለበቱ በየ11 ሰከንዱ አንዴ ያልፋል። አምስት ደቂቃ ሲሠራ ከሃያ አምስት ጊዜ በላይ አለፈ ማለት ነው። አውጡትና የስልካችሁን መብራት በአግድም አብሩበት።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ጭረቱ ብዙ ነገር ይናገራል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የማይቋረጥ መስመር ካለ የሚቧጭረው የማይንቀሳቀስ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ጌት የሚባለው የፊልሙ መስኮት ላይ የደረቀ ቆሻሻ ይሆናል። ጭረቱ እየተቆራረጠ በእኩል ርቀት የሚደጋገም ከሆነ የሚዞር ነገር ነው፤ ሮለሩን ወይም ጥርሳሙን ጎማ ፈትሹ። በየቀዳዳው ማለትም በየ7.6 ሚሊ ሜትሩ ከሆነ ፊልሙን የሚጎትተው ጥፍር ነው። ጭረቱ ደብዛዛው ገጽ ላይ ነው ወይስ አንጸባራቂው ላይ? ያ ገጽ የሚነካቸውን ክፍሎች ብቻ ተከተሉ፤ የፍለጋው ሥራ በግማሽ ይቀንሳል።

ቀለበቱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ያኔ ማታውን ማሰብ ይቻላል።

የአሜሪካ ማሽን ነው። ትራንስፎርመር ገዝቼለታለሁ። ታዲያ የሰዎቹ ድምፅ ለምን ይጎተታል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ከ220 ወደ 110 ወይም 120 ያወርዳል። ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ ግን አይነካውም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 60። ብዙ የድምፅ ፕሮጀክተሮች ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከዚሁ ኸርዝ ነው። በሰከንድ 24 ምስል ማሳለፍ የነበረበት ማሽን እዚህ 20 ብቻ ያሳልፋል። የአንድ ሰዓት ፊልም 72 ደቂቃ ይፈጃል፤ የሴቷ ድምፅ ወፍሮ የወንድ ይመስላል።

መፍትሔው ሞተሩ ላይ ያለው ፑሌጂያ፣ ቺንጊያው የሚያርፍበት ጎማ፣ ነው። አንዳንድ ማሽን ሁለት ደረጃ ያለው ፑሌጂያ ይዞ ነው የተሠራው፤ አንዱ ለ50፣ አንዱ ለ60። ቺንጊያውን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ነው። የእናንተ ባለ አንድ ደረጃ ከሆነ ሞተሩ ላይ ያለው በ1.2 እጥፍ መተለቅ አለበት። ቺንጊያው የሚያርፍበት ቦታ 20 ሚሊ ሜትር ከነበረ 24 ይሁን። ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ጎበዝ ቶርኖ ቤት ይሠራዋል። የድሮውን ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፤ ልኩን በቃል አትንገሯቸው። መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ትንሽ እንኳ ቢዛነፍ ማሽኑ በሙሉ ይርገበገባል።

ደግሞም የ60 ኸርዝ ሞተር በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። ትራንስፎርመራችሁ 110 እና 120 መውጫ ካለው በ110ው ሰኩት።

ካርቦን ያለው ሞተር ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። እሱ በኸርዝ አይመራም፤ የራሱ ፍጥነት መቆጣጠሪያ አለው። ፍጥነቱ ከተዛነፈ ካርቦኑንና መቆጣጠሪያውን እዩ።

ፍጥነቱን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ባለ 16 ፊልም በትክክለኛ ፍጥነት በደቂቃ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከማያስፈልግ ፊልም ላይ 11 ሜትር ለኩና ሁለቱ ጫፎች ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ለጥፉ። ማሽኑ ፍጥነቱን እንዲይዝ ከመጀመሪያው ወረቀት በፊት ትርፍ ፊልም ይኑር። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቦታ ላይ የሚያልፉበትን ጊዜ በስልክ ያዙ። 60 ሰከንድ ከሆነ ደህና ነው። 72 ከሆነ የ50 እና የ60 ጉዳይ መሆኑን እወቁ። ለባለ 35 ልኩ በደቂቃ 27.4 ሜትር ነው።

በጄነሬተር የምታሳዩ ከሆነ ይህን ልኬት በጄነሬተሩም ድገሙት። ትንንሾቹ ጄነሬተሮች ጭነት ሲበዛባቸው ኸርዛቸው ይወርዳል፤ ድምፁም አብሮ ይወርዳል።

ሥዕሉ ይዘላል። ከየት ልጀምር?

ከግድግዳው ጀምሩ። የሥዕሉን ዳር፣ ጥቁሩን ጠርዝ፣ ትኩር ብላችሁ እዩ። ጠርዙ ሳይነቃነቅ ሥዕሉ ብቻ የሚዘል ከሆነ ችግሩ ፊልሙና ጌቱ ላይ ነው። ጠርዙም አብሮ የሚዘል ከሆነ ጠረጴዛው፣ የማሽኑ እግር ወይም የላላ ሌንስ ነው። ይህን ሳያዩ ጌቱን የሚፈቱ ብዙ ናቸው፤ ጤነኛውን አካል ነው የሚነካኩት።

ጥፋቱ ጌቱ ላይ ከሆነ በመጀመሪያ አጽዱት። ቀጥሎ ከጌቱ በላይና በታች ፊልሙ ላላ ብሎ የሚቀስትባቸውን ሁለት ጉብታዎች ተመልከቱ። ፊልሙ ከላይና ከታች እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ መሐል ጌቱ ላይ ግን እየቆመ እየተነሣ ነው የሚያልፈው። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ጉብታው ነው። ጉብታው ካጠረ ወይም ከጠፋ ሥዕሉ ይጨፍራል፤ ቀዳዳዎቹም ይቀደዳሉ።

ከዚያ ፊልሙን የሚጫነው ሰሌዳ ሞላ ነው። ከላላ ፊልሙ ቆሞ አይቆምም። ከጠበቀ ማሽኑ ይንጫጫል፤ ቀዳዳዎቹም ይተለተላሉ። ሥዕሉን ጸጥ የሚያደርገው ትንሹ ጫና ትክክለኛው ነው። ጥገና ላይ ሞላውን «ለማጠንከር» ብለው የሚያጣምሙ አሉ፤ ይኼን እባካችሁ አትፍቀዱ።

ሁሉም ደህና ሆኖ አንዱ ፊልም ብቻ የሚዘል ከሆነ ፊልሙ አጥሮ ይሆናል። አሲቴት ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ሲያረጅ ይኮማተራል። ከአዲስ ፊልም ጋር ጎን ለጎን ዘርጉትና 100 ቀዳዳ ቁጠሩ። መጨረሻው ላይ ልዩነቱ አንድ ሙሉ ቀዳዳ ከደረሰ አንድ በመቶ አጥሯል። እንዲህ ያለውን ማሽን ላይ አትጫኑት።

ጥርሱ ከተቀየረ ወዲህ ነጫጭ ፊደሎች ጭራ ያወጣሉ። ምንድን ነው?

የሻተሩ ጊዜ ተዛንፏል። ጥርስ ከተቀየረ በኋላ ከሚያጋጥሙት ሁሉ ይኼ ይበዛል። የሚገርመው ብዙ ሰው ጥገናው ስላላለቀ መሆኑን አያውቅም፤ «ፊልሙ አርጅቶ ነው» ብሎ ይተወዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥፍሩ በሰከንድ 24 ጊዜ ፊልሙን ወደ ታች ይጎትታል። በሚጎትትበት ቅጽበት ሻተር የሚባለው የሚዞር ቅጠል ብርሃኑን መጋረድ አለበት። ፊልሙ ሲቆም ነው ብርሃን የሚገባው። ቅጠሉ ትንሽ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከመጣ ፊልሙ በጉዞ ላይ እያለ ብርሃን ያገኘዋል። ጥቁር መደብ ላይ ያለ ነጭ ፊደል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚጎተት ጭጋግ ያወጣል። ተራ ሥዕል ላይ ብዙም አይታይም። ስለዚህ የፊልሙ መግቢያና መዝጊያ ጽሑፍ ጥሩ መፈተሻ ነው።

ለማስተካከል ሶኬቱን ንቀሉ። ከማያስፈልገው ፊልም ጥቂት አስገቡ፤ ከኋላ በስልክ መብራት አብሩ። እንቡጡን በጣም ቀስ ብላችሁ አዙሩና ፊልሙ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ፊልሙ መነቃነቅ ሲጀምር ቅጠሉ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ መገኘት አለበት። ፊልሙ ቆሞ እስኪያበቃ ድረስ ምንም ብርሃን ማሾለክ የለበትም። ቅጠሉን የያዘችውን ትንሽ ቪቴ በካቻቪቴ አላሉና ጥቂት ዲግሪ ብቻ አዙሩ። ከዚያ በግድግዳው ላይ እዩት። ጭራው ከረዘመ አቅጣጫው ተሳስቷል፤ ወደ ሌላው መልሱት። ቅጠሉ በጥርስ የሚገጥም ከሆነ አንድ ጥርስ ብቻ አዘዋውሩ።

ጭራው ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወጣ ከሆነ ማስተካከል አያድነውም። ቅጠሉ ጠሟል፣ ወይም የሌላ ማሽን ቅጠል ነው የተገጠመው።

ሌላ ጊዜ ማሽን ስታስፈቱ ይኼን ሁሉ የሚያስቀር ነገር አለ። ከመፈታቱ በፊት ጥርሶቹ የተያያዙበት ቦታ ላይ በቋሚ እስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ፤ ፎቶም አንሡ። ጠጋኙ ቢቆጣ ይቆጣ።

ድምፁ ያጉረመርማል፣ ወይም ጨርሶ አይሰማም። ጠጋኙ አምፕሊፋየሩን ነው የሚለው። እውነቱን ነው?

ሊሆን ይችላል። ግን አምፕሊፋየሩ ከመፈታቱ በፊት አንዲት ጠንካራ ካርድ በቂ ናት።

የድምፅ አምፖል የሚባለች ትንሽ አምፖል አለች። ብርሃኗ በፊልሙ ዳር ያለውን የድምፅ መስመር አልፎ ብርሃን ተቀባዩ ላይ ይወድቃል። ያለ ፊልም፣ ድምፁን መጠነኛ አድርጋችሁ፣ ካርዱን በብርሃኑ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጉ። ስፒከሩ «ዱም፣ ዱም» ካለ ከተቀባዩ እስከ ስፒከር ያለው መንገድ ይሠራል። እንግዲያው ጥፋቱ ከዚያ በፊት ነው፤ አምፖሏ ጠቁራለች፣ ከቦታዋ ፈቀቅ ብላለች፣ ወይም ትንሿ ሌንስ ዘይት ጠጥታለች።

ማጉረምረም ከሆነም ያችው ካርድ ትፈርዳለች። ብርሃኑን ጋርዱት። ማጉረምረሙ ጸጥ ካለ የሚመጣው ከአምፖሏ ኃይል አቅራቢ ነው፣ ወይም የክፍሉ መብራት ተቀባዩ ላይ እየወደቀ ነው። የክፍሉን መብራት አጥፉና እዩ። ብርሃኑ ተጋርዶም የሚያጉረመርም ከሆነ ጠጋኙ እውነቱን ነው፤ ያረጁ ካፓሲተሮች መቀየር አለባቸው። ካፓሲተር ሶኬት ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ለሚያውቅ ሰው ስጡት፤ ልጆችም አይጠጉት።

ድምፁ አለ ግን እንደ ታፈነ ነው የምትሉ፦ የድምፁን ከበሮ (ድምፁ ሲነበብ ፊልሙ የሚዞርበትን ሲሊንደር) እና ትንሿን ሌንስ በጥጥ አጽዱ። ድምፁ የሚዋኝ ከሆነ፣ በተለይ ሙዚቃ ላይ የሚወላገድ ከሆነ፣ የከበሮው ኩሽኔታ ደርቋል ወይም ፊልሙን የሚጫነው የጎማ ሮለር ጠንክሯል።

የሰው አፍና ድምፅ ካልገጠመስ? በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ድምፁ ከሥዕሉ 26 ምስል ቀድሞ ነው የሚታተመው፤ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ያለፈ ማለት ነው። ሥዕሉ ጌቱ ላይ ሲሆን ድምፁ ከበሮው ላይ እንዲገኝ የታችኛው ጉብታ ልኩን መጠበቅ አለበት። ጉብታው ሲበዛ ወይም ሲያንስ አፍና ድምፅ ይለያያሉ። ማሽኑ ላይ የተሳለውን የፊልም መንገድ ተከትላችሁ እንደገና አስገቡት።

የትኛውን ዘይት ልጠቀም? ስንት ጊዜ?

ለአብዛኛው ባለ 16 ማሽን የሲንጀር ዘይት ይበቃዋል። የመኪና ዘይት ይከብዳል። የምግብ ዘይት ደግሞ ደርቆ እንደ ማስቲካ ይያዛል፤ በፍጹም አታስጠጉት። ለጥርሶች ቀለል ያለ ነጭ ግራሶ ይሻላል፤ ናይለን ከሆኑ ግራሶው ፕላስቲክ የማይበላ መሆኑን አረጋግጡ። አዲስ ከማድረጋችሁ በፊት የደረቀውን አሮጌ ግራሶ በሙሉ ጥረጉ። በላዩ ላይ መደረብ ጥቅም የለውም፤ አዲሱ ወደ ቦታው አይደርስም።

በአንድ ቀዳዳ አንድ ጠብታ፣ ቢበዛ ሁለት። ሲበዛ ተፈናጥሮ ሌንሱ፣ ቺንጊያውና ፊልሙ ላይ ያርፋል። ዘይት የነካው ፊልም አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራው ደግሞ ይቧጭራል። ዘይት ካደረጋችሁ በኋላ ያለ ፊልም ጥቂት ደቂቃ አሠሩትና የተረፈውን ጥረጉ። አንዳንድ ኩሽኔታዎች ከፋብሪካ ዘይት ጠጥተው የሚመጡ ናቸው። ዘይት ማድረጊያ ቀዳዳ ከሌለ ቀዳዳ አትፍጠሩ።

ደጋ ያላችሁ ጠዋት ላይ ማሽኑ ቢከብድ አብሽሩ። በብርድ ግራሶው ይጠነክራል። ያለ ፊልም አምስት ደቂቃ አሙቁት። ባቲና ቆቦ ያላችሁ ችግራችሁ በተቃራኒው ነው፤ በሙቀት ዘይቱ ቀጥኖ ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ማሳያ በፊት የከበሮውን አካባቢ በነጭ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጋችሁ እዩ።

ባለ 35 ማሽን ያላችሁ፦ የማልታ መስቀሉ፣ ማለትም ፊልሙን እያቆመ እያስነሣ የሚያሳልፈው ክፍል፣ በሣጥኑ ውስጥ ዘይት ውስጥ ነው የሚኖረው። እዚያ የሚገባው ፋብሪካው ያዘዘው ዓይነት ብቻ ነው። ደረጃውንም በመስታወቷ በኩል ተመልከቱ።

ጌቱን በምን ላጽዳው?

በእንጨት። ቢላ፣ ምላጭ፣ ካቻቪቴ አይነካውም። ብረት አንዴ ከጫረው ያ ጭረት ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን ፊልም ሁሉ ይጭራል። እኔ የሚስማማኝ በደንብ የተጠረበ መፋቂያ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ግን የደረቀ ቆሻሻ ያነሣል። ከዚያ በአዲስ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፤ የእንጨት ጭራሮ እንዳይቀር ልብ በሉ። በመጨረሻ ስፒሪት በነካው ጥጥ አብሱና እስኪደርቅ ጠብቁ። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ አጠገቡ ትኩስ አምፖል አለ።

አንዱ ሪል አልቆ ሌላው ከመጫኑ በፊት አንዴ በብሩሽ መጥረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከአንድ የቆየ ሪል በኋላ ብሩሹ ላይ የሚቀረውን ቡናማ ዱቄት ያየ ሰው ሳይነገረው ይለምደዋል።

አምፖሉ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል። መብራትም ይሄዳል፣ ይመጣል። ምን ላድርግ?

ብዙ ባለ 16 ማሽኖች የሚወስዱት 24 ቮልት፣ 250 ዋት የሆነውን ሃሎጅን አምፖል ነው፤ ኢኤልሲ በሚባል ኮድ ይታወቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የማሽናችሁን ሰሌዳ አንብቡ። ብርጭቆውን በባዶ እጅ አትንኩ። የጣት ወዝ ሲሞቅ ብርጭቆውን ያበላሸዋል። ከተነካ በስፒሪት ጥረጉት። አስቀማጩ ላይ ያሉት ሹካዎች ከጠቆሩ ወይም ከላሉ ደግሞ አዲስ አምፖልም አይቆይም፤ አስቀማጩ ይቀየር።

ስታብላይዘር ይኑራችሁ። ማሽኑና ትራንስፎርመሩ አንድ ላይ የሚወስዱትን ዋት ደምራችሁ ከዚያ ከፍ ያለውን ግዙ።

መብራት ሲሄድ የመጀመሪያ ሥራችሁ የአምፖሉን ማብሪያ ማጥፋት ነው። መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ሳይነሣ አምፖሉ ቢበራ የቆመው ፊልም ጌቱ ውስጥ ይቀልጣል። መብራት ሲመለስም መጀመሪያ ሞተሩ ይነሣ፣ ፍጥነቱን ይያዝ፣ ቀጥሎ አምፖሉ። ማሳያው ሲያልቅም አምፖሉን አጥፍታችሁ ማቀዝቀዣው ጥቂት ደቂቃ ይዙር። ትኩስ አምፖል ያለበትን ማሽን አታንቀሳቅሱ።

የባለ 35 ዜኖን አምፖል በዚህ መልስ አይሸፈንም። ቀዝቅዞ እንኳ ውስጡ ከፍተኛ ግፊት አለ፤ ቢፈነዳ ፊትና ዓይን ያጠፋል። ያለ ፊት መከላከያና ያለ ልምድ ቤቱን አትክፈቱ።

ቺንጊያው አለቀ። ደሴ ላይ ኦሪጅናሉን ከየት አመጣለሁ?

ልኩ ከገጠመ ኦሪጅናል መሆኑ ግዴታ አይደለም። ክብ ቺንጊያ ከሆነ የስፌት ማሽን ዕቃ የሚሸጡ ጋ፣ ወይም የመኪና ኦሪንግ የሚሸጡ ጋ ጠይቁ። ውፍረቱ አንድ መሆን አለበት፤ ርዝመቱ ደግሞ ሲገጠም ጥቂት ብቻ የሚወጠር ይሁን። በጣም ከተወጠረ የሞተሩን ኩሽኔታ ይጨርሰዋል። ጥርስ ያለው ቺንጊያ ከሆነ ግን በግምት አይሠራም፤ የጥርሱ ብዛትና ርቀት አንድ መሆን አለበት።

ክረምቱን እንዴት ላሳልፈው?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የደሴ እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ሌንሱን ፈትታችሁ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡ። አዲስ የጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው ትንሿ ከረጢት እሷ ናት፤ አትጣሉ፣ ሰብስቡ። ማሽኑን በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፣ ያልበዋል። በጨርቅ ሸፍኑትና ከመሬት ከፍ አድርጉት። የጎማ ሮለሮቹን የሚጫነውን ክንድ ክፍት ተዉት፤ አለዚያ አንድ ወገናቸው ይጎደጉዳል። በወር አንዴ ለጥቂት ደቂቃ አሠሩት።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ልጨምር። ቡና በየቀኑ የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ለማሽን አይሆንም። ጭሱ ሌንሱና መስታወቱ ላይ ስስ ቢጫ ቅባት ይሠራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ የሚውለው ቤታችን ደግሞ ብዙ ነው። ማሽኑን ወደ ሌላ ክፍል አዙሩ፤ ቡናውን አትተዉ።

ፊልሙን ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አድርጉ። ቆርቆሮው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ አሲቴቱ መበላሸት ጀምሯል። ያን ፊልም ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ጋዙ ጎረቤቶቹንም ያበላሻል። መጀመሪያ ዲጂታል መደረግ ያለበትም እሱ ነው።

የተበጠሰ ፊልም በስኮች መቀጠል ይቻላል?

ተራ ስኮች አይሆንም። ማጣበቂያው ሲሞቅ ይፈስሳል፤ ጌቱን ያቆሽሻል፣ ጥቅልሉንም እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። የፊልም ቴፕ ተጠቀሙ፤ ቀዳዳዎቹም ክፍት ይሁኑ። የፊልም ሙጫ የሚይዘው አሲቴትን ብቻ ነው። ፖሊስተር የሚባለው ሌላው የፊልም ዓይነት በሙጫ አይያዝም። ደግሞ ፖሊስተር ቶሎ አይበጠስም፤ ቢያዝ የሚሰበረው ማሽኑ ነው። እሱን ስታሳዩ እጃችሁ ከማጥፊያው አይራቅ።

የቆየ ባለ 35 ሪል አገኘን። እንሞክረው?

ከ1950ዎቹ አጋማሽ በፊት በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ሊሆን የሚችል ከሆነ አትሞክሩት። ያን ጊዜ ባለ 35 ፊልም ናይትሬት በሚባል ነገር ይሠራ ነበር። ናይትሬት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ አንዴ ከተያያዘ ያለ አየርም ይነድዳል፣ ውሃም አያጠፋውም። ማሽን ላይ አይጫን፣ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፣ እሳት አጠገብ አይከፈት። ባለ 16 ፊልም ላይ ይኼ ስጋት የለም፤ ከጅምሩ ቶሎ በማይቀጣጠል ፊልም ነው የተሠራው።

ተማሪዎቼ ማሽኑን መማር ይፈልጋሉ። ከምን ላስጀምራቸው?

ከእጅ። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ሦስት ሜትር የማይፈለግ ፊልም ተሰጥቷቸው፣ ማስገባትና ማውጣት ይልመዱ። ጉብታዎቹን በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው እስኪያውቋቸው ድረስ ይደጋግሙት። ከዚያ እንቡጡን ያዙሩ፤ ጥፍሩ ፊልሙን ሲይዝና ሲለቅ ይዩት። አንዱ ሲያዞር ሌላው ሻተሩን ይከታተል። ሞተር ከዚያ ይቀጥላል፣ አምፖል በመጨረሻ።

ደብተርም ይኑራቸው። አምፖሉ መቼ ተቀየረ፣ ዘይት መቼ ተደረገ፣ የ11 ሜትሩ ልኬት ስንት ሰከንድ መጣ፣ የትኛው ሪል የት ላይ ተበጠሰ፤ ቀን ቀኑን ይጻፉ። ደብተሩ ከማሽኑ ሣጥን አይለይ። የሚቀጥለው ጠጋኝ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።